አረንጓዴው ሹራብ ከነደረሰኙ

ጆርጀት ቫድኔ ከገና ማግስት ጀምሮ ያሉትን አሥር ቀናት «የሐቅ ቀናት» ትላቸዋለች። ሉዊስተን ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ መደብር፣ የተመለሰ ዕቃ መቀበያው ጠረጴዛ ጀርባ ከቆመች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ሰው በገና ዕለት ዛፉ ሥር ተቀምጦ «እንዴት ያምራል፣ በምን አወቅሽብኝ» ሲል ይውልና፣ በነጋታው ከመኪናው ላይ በረዶውን ጠርጎ እርሷ ዘንድ ይመጣል። አማት የሰጠችው ፒጃማ፣ አክስት የላከችው ኮፍያ፣ ባል የሚስቱን ወገብ ሳያማክር የገዛው ቀሚስ፣ ሁሉም በእርሷ እጅ ያልፋል። የከተማውን ሰው ገመና ከቄሱ ይልቅ እርሷ ታውቀዋለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስጦታ የሚገዛ ሰው ሁሉ ዋጋ ያልተጻፈበት የስጦታ ደረሰኝ ይጠይቅና ሳጥኑ ውስጥ ይከተዋል። «ካልወደድሽው ቀይሪው፣ አልቀየምም» ማለት ነው። ጆርጀት ግን ይህን አታምንም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስጦታው ሲመለስበት ያልተቀየመ ሰው አላየችም፤ ልዩነቱ አንዳንዱ ፊቱን መደበቅ መቻሉ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ ራሷ ስጦታ ስትሰጥ ደረሰኙን ሳትከት ቀርታ አታውቅም። ደንብ ነዋ።

ዘንድሮ የሰጠችው ስጦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ለአንድ ልጇ ለሞኒክ፣ ከገና ቀደም ብሎ ለሚውለው የልደት ቀኗ። ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ የሱፍ ሹራብ ነው፣ ግራና ቀኝ ጥልቅ ኪስ ያለው። ቀለሙን ለመምረጥ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ዋናው ነገር ግን ሹራቡ ሳይሆን በቀኝ ኪሱ ያለው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በረዶ በሚጥልበት አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ሞኒክ ሻንጣዋን ይዛ እናቷ በር ላይ ቆመች። ከባሏ መውጣቷ ነበር። ጆርጀት በሩን በግማሽ ከፍታ፣ እኔም ከአባትሽ ጋር ሠላሳ አራት ዓመት የኖርኩት ችዬ ነው፣ አንቺም ዐመሉን ቻዪው ብላ፣ ቱርቲዬ የሚሉትን በሊጥ የተጋገረ ሥጋ አንድ ሳህን ሸፍና አስይዛ መለሰቻት። ያ ሰው የልጇን ክንድ ምን አድርጎት እንደነበረ የሰማችው ከአራት ወር በኋላ ከሌላ ሰው አፍ ነው። ሞኒክ ክንዷን አላሳየቻትም፤ እናቷም እጅጌሽን ሰብስቢ አላለችም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ «ቻዪው» የምትለው ቃል ከወጣች በኋላ የሚመልሳት አልተገኘም። ሞኒክ ፍቺዋን ጨርሳ ፖርትላንድ የጥርስ ሐኪም ቢሮ ሥራ ያዘች፤ ለእናቷም በበዓል በበዓል አጭር መልእክት ትልክላት ጀመር፣ ለመብራት ኃይል እንደሚጻፍ ያለ።

ጆርጀት ይቅርታ ለመጠየቅ ስልክ አንሥታ አራት ጊዜ ሞክራለች። በአራቱም ጊዜ ስለ አየሩ አውርታ ዘጋች። በአፏ አልወጣ ሲላት ጻፈችው። አምስት መስመር ናት፦ በዚያ ቅዳሜ በሩን ወለል አድርጌ ልከፍትልሽ ይገባኝ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ፈርቼ ነው እንጂ ጠልቼሽ አይደለም፤ ይቅር ባትዪኝም አልፈርድብሽም፤ እናትሽ። በትንሽ ፖስታ አሽጋ ኪሱ ውስጥ ከተተችውና ላከችው።

ሞኒክ ደወለች። ራሷ ደወለች። ሹራቡ ደርሶኛል እማ፣ አመሰግናለሁ፣ ልክ ሆኖልኛል አለች፤ ከዚያም ስለ ሥራዋ፣ ጎረቤቷ ስላሳደገው ጩኸታም ውሻ እያወራች አሥራ አንድ ደቂቃ ቆየች። ጆርጀት ስለ ደብዳቤው ለመጠየቅ አልደፈረችም። ልጅቱም አላነሣችም። አለማንሣቷ ራሱ መልስ ነው ብላ ጆርጀት ደመደመች፤ አንብባው፣ ይቅር ብላ፣ እናቷን ላለማሳፈር ዝም ማለቷ ነው። የገና ማግስት እሑድ እደውላለሁ ብላም ተሰናበተቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆርጀት ሥራ ላይ ስታፏጭ ትሰማ ጀመር።

እሑዱ ደረሰ። መደብሩ በሩን ሲከፍት ሰልፉ እስከ ጫማው ክፍል ተጠማዝዟል። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ አንዲት ፊተ ብሩህ ወጣት ሳጥን ይዛ ቀረበች። ክዳኑን ስታነሣው አረንጓዴው ሱፍ ብቅ አለ።

ጆርጀት መጀመሪያ አልደነገጠችም፤ ያንን ሹራብ መደብሩ ስንቱን ሸጧል። ደረሰኙን አነበበችው። ማሽኑ ጢጥ አለና የገዢውን የሠራተኛ ቁጥር አወጣ፦ የራሷን ቁጥር። ክው አለች። እንዲህ ያለውን ስህተት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሌሎች ላይ ስቃበታለች፤ የተሰጠውን ስጦታ ለሌላ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ደረሰኙን ከሳጥኑ ማውጣት ይረሳል።

«ችግር አለበት?» አለች፤ ደንቡ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ ይላል።

«ኧረ ምንም! አረንጓዴ አይሆነኝም እንጂ። ስለብሰው ጉንፋን የያዘኝ ነው የምመስለው።»

ልጅቱ ወሬ የጠማት ነበረች። ኦበርን ትኖራለች፤ ሥራዋ ግን ፖርትላንድ፣ የጥርስ ሐኪም ቢሮ ነው። ከገና በፊት ቢሮው ውስጥ ያንኪ ስዋፕ አደረጉ፤ ሁሉም አንዳንድ የታሸገ ዕቃ ይዞ መጥቶ በዕጣ ያነሣል፣ የሌላው ካማረውም የራሱን ትቶ ይነጥቃል። እርሷ ጥሩ የቡና ማፍያ ደርሷት ሳለ ሐኪሙ ራሱ ነጠቃትና ሹራቡን ታቅፋ ቀረች።

ስጦታውን ማን እንደሰጠ ደንበኛን መጠየቅ ክልክል ነው። ጆርጀት ጠየቀች።

«ማን ነበር ያመጣው?»

«አንድ አብራን የምትሠራ ልጅ ናት። አዲስ ነው እኮ፣ ለምን አትለብሽውም ብላት፣ ‹እናቴ ስጦታ የምትልከው የምትፈልገው ነገር ሲኖር ነው› አለችኝ።» ወጣቷ ሳቀች። «የኔም እናት እንደዚያው ናት፣ አይፍረዱባት።»

ጆርጀትም ሳቀች። አፏ ብቻውን ሳቀ። ሐሰት ነው እንዳትል፣ ሐሰት አይደለም፤ ፈልጋ ነበር፣ ይቅርታ ፈልጋ ነበር። ይህን ለማን ትናገረው? ሆድ ይፍጀው።

የሚመለስ ልብስ ሁሉ ኪሱ ይፈተሻል። በዚህ ሥራ የጋብቻ ቀለበትም፣ አንድ ጊዜ የወርቅ ጥርስም አግኝታለች። እጇን ወደ ቀኙ ኪስ ስትልክ ግን ጣቷ እሳት የሚጠብቃት ይመስል ለገመች። ፖስታው እዚያው ነበር። ማሸጊያው አልተነካም፤ እርሷ በምራቋ እንዳጣበቀችው አለ።

«ምንድን ነው?» አለች ወጣቷ አንገቷን አስግጋ።

«ምንም አይደለም የኔ እመቤት፣ የሱቅ ወረቀት ነው» አለችና ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ እጇ የለመደውን ሠራ፤ ሹራቡን አጠፈች፣ በገንዘብ ፋንታ የሚሰጠውን የመግዣ ካርድ ሞላች፣ መልካም አዲስ ዓመት ብላ ሸኘች። እንቢ የምትልበት አንድም ምክንያት አልነበራትም። ዕቃው ንጹሕ፣ ደረሰኙ ትክክል፣ ቀኑም ያላለፈ ነው።

ሹራቡ ዋጋው ተቀንሶ የሚሸጠው ልብስ ወደሚሰቀልበት ሄደ። በምሳ ሰዓት ጆርጀት ኃላፊዋን ዱዌይንን ለብቻው ጠርታ ልግዛው ስትል ለመነችው። ዱዌይን ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሠራተኛ ራሱ የተቀበለውን ዕቃ በዚያው ቀን መግዛት አይችልም፣ ደንቡን ደግሞ ለአዳዲሶቹ የምታስተምረው እርሷ ናት።

«ምን ያደርግልሻል ጆርጀት? ሌላ አረንጓዴ አለ፣ መጋዘን ውስጥ ሦስት አለ።»

«ያኛውን ነው» አለች። ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አልቻለችም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት አሮጊት ለብሰውት፣ እጃቸውን ሁለቱ ኪሶች ውስጥ ወሽቀው በመስታወት ሲያዩት አየች። ወዲያው ከፍለው ወጡ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩ እስኪሞቅ ስትጠብቅ ስልኩ ጮኸ። ሞኒክ ቃሏን አክብራ ነው።

ገና እንዴት ነበር ተባባሉ። አየሩን ተናገሩ። ጆርጀት ከሽርጧ ወደ ቦርሳዋ ያዛወረችውን ፖስታ አውጥታ መሪው ላይ አስደግፋዋለች። ቀድዳ ብታነበው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ደብዳቤው እጅሽ እንዴት ገባ ስትባል ምን ልትል ነው? ሳታነብ በቃሏ ለመናገር ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሞኒክ፣ ያ ቅዳሜ...»

«እማ፣ ዛሬ እሱን አናንሣው። በበዓል ማግስት አይሆንም፣ እሺ?» ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። እናቷን ማስከፋቷ የጸጸታት ይመስል ለስለስ ብላ ቀጠለች። «ይልቅ ሹራብሽን ለብሼው ነው የማወራሽ። በጣም ይሞቃል።»

ጆርጀት ዐይኗን ጨፈነች። ውሸትሽን ነው ማለት ቀላል ነበር፤ ማስረጃውም እፊቷ ነው። ግን ይህችን ልጅ አንድ ጊዜ በር ላይ አቁማ አሳፍራ መልሳታለች። ሁለተኛ አላደርገውም አለች በሆዷ።

«ይሙቅሽ» አለች። «እጅጌው አልረዘመብሽም?»

«ኧረ ልክ ነው።»

«ጎሽ» አለች ጆርጀት። «እጅጌው ነበር ያሳሰበኝ።»