ሉሁን ያጠበ ሁሉ አወቀ ይባል ነበር

አሶሳ በተማርኩበት ቁርአን ቤት የልጅ እውቀት የሚለካው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር። በእንጨት ሉሁ ላይ የተጻፈለትን ሳይሳሳት ካነበነበ ሼሁ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ ልጁም ሉሁን አጥቦ እጣቢውን ይጠጣል። ጠጣ ማለት አወቀ ማለት ነው። ገብቶት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል።

እናቴ በሱዳን ድንበር ኩርሙክ ገበያ ስትነግድ ከዐረብ ልጆች ጋር ስላደግሁ ዐረብኛ አፍ የፈታሁበት ቋንቋ ያህል ይቀናኝ ነበር። ስለዚህ ሼሁ ትንንሾቹን ቁርአን እንዳስቀራ፣ እንዳስነብብ አደረጉኝ። እሳቸው ከሱዳን የመጡ ደግ ሰው ነበሩ፤ የእኛን የበርታን ቋንቋ ግን አንድ ቃል አያውቁም።

ከልጆቹ መሃል ድምፁ የሚያምር አንድ ነበር። ሲቀራ መንገደኛ ቆሞ ያዳምጠዋል። በዐረብኛ "ውኃ አምጣ" ስለው ግን ዓይኑን ያፈጥብኛል። እኔም በራሳችን ቋንቋ እየፈታሁ፣ ዕቃ እያሳየሁ ልጁን በዐረብኛ ማናገር ጀመርኩ። ሼሁ ሰምተው ከለከሉኝ።

"የአላህ ቃል ከገበያ ወሬ ጋር አይቀላቀልም" አሉ።

ልጁ መናገር እንደማይችል ደጋግሜ ነገርኳቸው። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ድምፁ ካማረ ለእሳቸው በቃ።

የልጁ አባት ወርቅ አጣቢ ነበር። ቋንቋ ባለማወቁ ነጋዴ ሲያታልለው ኖሯል፤ ልጁን ያስገባውም አፍ እንዲሆነው ነው። ልጁ ብዙ ምዕራፍ ጨረሰ ተብሎ፣ ሉሁ በቀለም አጊጦ ድግስ ሲደገስ፣ አባትየው ከኩርሙክ ጨው በአህያ ጭኖ የመጣ ዐረብ ነጋዴ ጋበዘ። በባዶ የላባ አገዳ ውስጥ የሞላውን የወርቅ ብናኝም ፊቱ አስቀመጠ።

"እንግዲህ ልጄ ያነጋግርልኛል" አለ።

ነጋዴው ፈገግ ብሎ ልጁን በዐረብኛ "ወርቁ ከየትኛው ወንዝ ነው?" አለው። ልጁ ወደ ሼሁ አየ፤ ፈተና መሰለው። ዓይኑን ጨፍኖ መቅራት ጀመረ። ቁርአን ሲቀራ አይቋረጥምና ነጋዴው እስኪያበቃ ጠበቀ። ድግስተኛው ሁሉ ማሻአላህ አለ።

አባትየው "ስንት እሰጣለሁ አለ?" ብሎ ልጁን ጠየቀው። ልጁ አቀረቀረ። አባት ጥቂት አየውና ወርቁን ወደ ጉያው መልሶ ወደ ሼሁ ዞረ።

"ልጄ ከአላህ ጋር ማውራት ችሏል፣ አልሐምዱሊላህ። ከሰው ጋር የሚያወራልኝስ ማነው?"

ሼሁ አልገባቸውም። "ምን አለ?" ብለው በዐረብኛ ጠየቁኝ።

አንድም ቃል ሳላስቀር ነገርኳቸው።