ለእህቴ ያልተጻፈው ማስታወቂያ

ታላቅ እህቴ አራተኛ ክፍል ሳለች ማጅራት ገትር ያዛት። ተርፋ ስትነሣ ጆሮዋ አይሰማም ነበር። ትምህርቷን አቋረጠች እንጂ ማንበብና መጻፉን አልተወችም። በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ ልብስ ሰፊ ሆና ስትሠራ ከደንበኞቿ ጋር የምትግባባው በደብተር ነበር። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም፤ እሷም አታውቀውም።

እኔ ከከተማው ወጣ ብሎ ፎንቆ አስተምር ስለነበር ቤት የምመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። አንድ ቅዳሜ ስገባ ደብተሯን ዘረጋችልኝ። «የቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና ከለከለኝ። አፋቸውን አንቀሳቀሱ፣ ሳቁ፣ የራሽን ካርዴን ወሰዱ» ይላል። ወዲያው ይዣት ቀበሌ ሄድኩ።

«ሦስት ስብሰባ ቀርታለች» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«ስብሰባ መኖሩን በምን ታውቃለች?»

«በድምፅ ማጉያ ተለፍፏል። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እሷ እኮ አትሰማም!»

«እሱንማ እናውቃለን። ቤተሰብ የላትም? አትነግሯትም?»

እህቴ የሁለታችንን ፊት ስታይ ቆይታ ደብተሯን አወጣች። «ማስታወቂያውን በር ላይ ለጥፉልኝ። ማንበብ እችላለሁ» ብላ ጻፈችና ሰጠችው። ዓይኑ መስመሩን ሲከተል አይቻለሁ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን፣ «ምንድን ነው የምትለው?» አለኝ።

እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም። ግድግዳው ላይ መሃይምነትን እናጠፋለን የሚል መፈክር በትልቁ ተጽፏል፤ ከሥሩ ቆማ ለምትጽፍ ሴት ግን አንድ መስመር የሚመልስላት ጠፋ።

«የጻፈችው ለእርስዎ ነው፤ ለእሷው ይመልሱላት!» አልኩ። እየጮህኩ እንደሆነ የገባኝ አጠገቡ የተቀመጠው የቀበሌው ጸሐፊ አንገቱን ሲደፋ ነው። በዚያን ጊዜ በቀበሌ ሊቀመንበር ላይ መጮህ ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ። ግን ከቦታዬ አልተንቀሳቀስኩም። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶ አንሥቶ «ካርድሽ ይመለስልሻል» ብሎ ጻፈላት። ስለ ማስታወቂያው አንድም ቃል የለም።

ሰኞ ጠዋት እህቴ ብቻዋን ተመልሳ ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ «የዚህ ሳምንት ስብሰባ መቼ ነው?» የሚል ወረቀት አስቀመጠች። እስኪጽፍላት ድረስ ንቅንቅ አላለችም። በየሰኞው እንዲሁ አደረገች። በሁለተኛው ወር ጸሐፊው ሰለቸውና ማስታወቂያውን በር ላይ ይለጥፍ ጀመር። የማጉያው ድምፅ የማይደርሳቸው የዳር ሰፈር ሰዎችም ቆመው ያነቡት ነበር።

በዓመቱ ጸሐፊው ተቀየረ። አዲሱ መለጠፉን ተወው፤ እህቴም ከመጀመሪያው ጀመረች። አንዲት ወረቀት ለመለጠፍ ሰው ስንት ጊዜ ይለመናል?