ሳይገጠም የከረመው የኋላ ጎማ

ባለቤቴ የሞተር ሳይክሉን የኋላ ጎማ የፈታው አንድ እሑድ ጠዋት፣ አምቦ፣ ግቢያችን ውስጥ ነው። የከብት ሐኪም ረዳት ነበር፤ ከጊንጪ እስከ እጃጂ የገበሬውን ከብት ሲከትብ የሚከርመው በዚያ የመሥሪያ ቤት ሞተር ነው። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ጮኸብኝ ብሎ ፈትቶ ግራሶ ይቀባው ጀመር። እኔ ደግሞ ልብስ አስጥቼ ስለነበር፣ «በግራሶ ልታጨማልቅብኝ ነው!» ብዬ ጮህኩበት።

«ነገ እገጥመዋለሁ፤ አንቺ ሴትዮ አትነዝንዢኝ» አለኝ እየሳቀ።

በማግስቱ ቀበሌ ተጠራ። ድሮ ወታደር ስለነበረ ወደ ሰሜን ከሚዘምቱት ውስጥ ገብቷል። ጎማውን ግድግዳ እንዳስደገፈው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። የጦር ክፍሉ አልቋል ያለም አለ፣ ተማርከዋል ያለም አለ። መርዶ ግን አልመጣም። መርዶ ካልመጣ ደግሞ ለቅሶ የለም፤ ድንኳን አይተከልም፣ ጥቁር አይለበስም። ሚስት ልሁን መበለት ልሁን ሳላውቅ ስንት ክረምት ገፋሁ! አንድ ጎረቤት ጎማውን ልግጠምልሽ ቢለኝ፣ «ባለቤቱ ሞቷል ያለህ ማነው?» ብዬ አፈጠጥኩበት። ምስኪን፣ ለደጉ ብሎ ነበር፤ ሁለተኛ ደጄን አልረገጠም።

የባለቤቴ እናት ከእኔ ጋር ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል። አማርኛ እምብዛም ስለማያውቁ በኦሮምኛ ነበር የምናወራው፤ እንደ ልጃቸው «አዮ» እላቸዋለሁ፣ እናቴ ማለት ነው። በየጠዋቱ ጎማውን በእጃቸው ዳብሰው፣ «ሲመጣ ይገጥመዋል» ይላሉ። እኔም አዎን እላለሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

በመጨረሻ መሥሪያ ቤቱ ሌላ ከታቢ ቀጠረና ሞተሩን ፈለገው። የላኩት የባለቤቴን የሥራ ባልደረባ ነው። ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ታዝዤ ነው» አለኝ። የመንግሥት ንብረት ነው፣ አልሰጥም አይባል። ሊወስዱት መምጣታቸውን ለአዮ ስነግራቸው ወደ ጓዳ ገብተው ተጋደሙ።

እኔ ጎማውን ከፍ አድርጌ ያዝኩ፤ ባልደረባው ካቴናውን በጎማው ጥርስ ላይ አጠለቀና የጎማውን ዘንግ አሾለከ። ዳዶውን አጥብቆ ከጨረሰ በኋላ አንዲት የብረት ቀለበት መሬት ላይ ቀርታ አየን።

«ወይ ጣጣ! እንደገና መፈታት አለበት» አለ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ አለኝ። ጥቂትም ብትሆን ሳይገጠም ይቆይልኝ ነበር የምለው። ሁለተኛው ጊዜ ግን ልክ ገባ። በእጁ ሲያሽከረክረው ጎማው ያለ ምንም ድምፅ ቀጥ ብሎ ዞረ።

ከዚያ ካንዴላውን ጠርጎ፣ ታንኩን ባመጣው ቤንዚን ሞልቶ፣ ማስነሻውን ደጋግሞ ረገጠው። ሞተሩ ተነሣ። ያንን ድምፅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ባለቤቴ ከመስክ ሲመለስ ከሩቅ የሚሰማው እሱ ነበር። ያኔ አላሰብኩትም።

አዮ ራሳቸውን እንኳ ሳይሸፍኑ፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ።

«ዱፌ! ኢልሚ ኮ ዱፌ!» መጣ፣ ልጄ መጣ!

ከአጥሩ ማዶ እልልታው ቀለጠ። ሴቶቹ «እንኳን ደስ አለሽ! እሰይ! እሰይ!» እያሉ በበሩ ጎረፉ። አዮ ሰውየው ጋ ደርሰው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። ጉንጩን ሳሙት፣ ትከሻውን ዳበሱት፣ እንደገና ሳሙት። እሱ እንባው እየወረደ ደርቆ ቀረ፤ ሞተሩን ማጥፋት እንኳ አልቻለም። ሄጄ አጠፋሁት።

አዮ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ምነው አይናገርም?» አሉኝ።

መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ ነው። እኔ ቤት ሽማግሌም አልመጣ። ለራሴ እንኳ ብዬው የማላውቀውን ቃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገርኩት።

«ሂን ዱፍኔ፣ አዮ» አልኳቸው። አልመጣም። «ከእንግዲህም አይመጣም።»

እልል እያሉ የገቡት ሴቶች እዚያው እንደቆሙ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።