በዱላ መሐል ይጠይቁ የነበሩት አጎቴ

«ሌባ!» የሚል ጩኸት ሰምታችሁ፣ ምን እንደተሰረቀ እንኳን ሳታውቁ እጃችሁ ድንጋይ አንስቶ ያውቃል? የእኔ እግር ከዚያም ብሷል።

የመቱ ገበያ ቀን ነበር። አንዱን የቀን ሠራተኛ «ቡና ሰርቋል» ብለው ይደበድቡታል። ጆሮው ተቀዷል፤ አፉ ደም ሞልቷል። እኔ አስተማሪው ገፍቼ ገባሁና ረገጥኩት። የጎኑ አጥንት ከጫማዬ ሥር ቋ ሲል ተሰማኝ።

አጎቴ ሕዝቡን ጥሰው መጡና ሰውየው ላይ ተደፉበት። ለእሱ የተሰነዘረው ዱላ ትከሻቸው ላይ አረፈ። እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው በኦሮምኛ «ኤኙቱ አርጌ?» አሉ፤ ማን አየ ማለታቸው ነው።

«አባቴ፣ ዞር ይበሉ። ሁሉም ሰው ያውቃል» አለ ባለዱላው።

«ማወቁንስ እኔም ስንቱን አውቃለሁ። ሲሰርቅ በዓይንህ አይተሃል?»

«እኔ እንኳን አላየሁም፤ እሱ ነው የነገረኝ» አለ አጠገቡ ወደቆመው ሰው እየጠቆመ።

እሱም ከሌላ ነበር የሰማው። አጎቴ አንድ በአንድ ጠየቁን።

«አንተስ፣ መምህር?» ሲሉኝ «እኔም አላየሁም» አልኩ። ያየ ሰው አልተገኘም። ሰውየውን ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስነው፤ ሕይወቱ ተረፈ፣ አንድ ዓይኑ ግን ጠፋ።

አጎቴ ካረፉ ሁለት ወር ሆናቸው። ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ገበያ ሌላ ሰው ሲደበደብ ደረስኩ። የሚጠይቅ አልነበረም። እኔው «ማን አየ?» ብዬ ጠየቅሁ። ጥፊ ቀመስኩ፤ ሁለት ሰዎች ግን ዱላቸውን አወረዱ። ሁለት ዱላ ሲቀነስ ሰው ሊተርፍ ይችላል።

እባካችሁ እናንተም ሞክሩት። ሌላውን ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ራሳችሁን ጠይቁ።