ሰሱን ነብር ያልኩበት ምሽት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላውን ሁሉ ስዘረዝር ይህችን እየዘለልኩ ነው የተፈታሁት።

ደባርቅ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። እንግሊዝኛውን እንግዶች ትተዋቸው ከሄዱ መጻሕፍት፣ አውሬውን ከዱካው ተማርኩ። በጨለማ፣ በባትሪ ብርሃን፣ ዓይኑን ብቻ አይቼ የምን እንስሳ እንደሆነ እለያለሁ። ይህን ስል አላፍርም፤ እውነት ነው።

ያን ምሽት ባልና ሚስት እንግዶች ይዤ ከሊማሊሞ መንገድ በላይ በገደሉ ጫፍ እሄዳለሁ። ጠመንጃ ይዘው ያጀቡን ስካውት ጋሼ መኳንንት ናቸው። እንግዶቹ ሁለት ቀን ሙሉ ነብር፣ ነብር ሲሉ ነበር። ባትሪዬ ቋጥኝ ላይ ሁለት ዓይኖች አገኘ። የተራራቁ ናቸው፤ ወደ ጎን ያደላሉ። የነብር ዓይን ተጠጋግቶ ፊት ለፊት ነው የሚያይህ። ሚዳቋ የሚመስለው የገደል እንስሳ፣ ሰስ መሆኑን አወቅኩ።

አፌ ግን በእንግሊዝኛ «ነብር!» አለ። አፌ ማለቴስ ለምንድን ነው? እኔ ነኝ ያልኩት። ሴትየዋ ባሏ ላይ ተጠመጠመች።

ስካውቶቻችን የአውሬዎቹን ስም በእንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ የቀረውን የምንተረጉምላቸው እኛ ነን። ጋሼ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«አንተ ልጅ፣ ሰስ'ኮ ነው! ነብር ቢሆን ቆሞ ባትሪህን ይሞቃል?»

ባልየው ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። እኔም «ፍየል ነው ይላሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል» ብዬ ተረጎምኩ።

በማግስቱ ሰውየው በፓርኩ ቢሮ የአስተያየት መዝገብ ላይ፣ ማየት ያቃተው ሽማግሌ ጠመንጃ ይዞ በጨለማ መሄድ የለበትም ብሎ ጻፈ። ጋሼ መኳንንት ከሌሊት ተራ ወጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኮሩበት ሥራ ነበር። አሁን ቀን ቀን የድንኳን ሰፈር በር ይጠብቃሉ። የፈረንጁ ጽሑፍ ምን እንደሚል ሲጠይቁኝ «ምስጋና ነው» ብዬ መዝገቡን ከደንኩት።

ታዲያ ዛሬ ምን አናዘዘኝ? ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ገበያ ዳር ከእኩዮቻቸው ጋር ተቀምጠው ጠሩኝ።

«ይኸውላችሁ፣ ሰስን ነብር ያለው ጎበዝ!»

ሽማግሎቹ ሳቁ። አንገቴን ስደፋ ግን ጋሼ ራሳቸው ተቆጧቸው። «ተዉት እንግዲህ! በጨለማ ዓይን መለየት ገና አልለመደም ነበር።»

አልለመደም! ደሜ ፈላ። ለእሳቸው አዝኜ መስሏችሁ ነው? እውቀቴ ተነክቶ ነው። ከበደሌ ይልቅ ይህ አንገበገበኝ፤ ይህንንም አብሬ እናዘዛለሁ።

ነገ ይህን ወረቀት መጀመሪያ ለጋሼ፣ ቀጥሎ ለቢሮው አነባለሁ። ከዚያ በኋላ እንግዳ ባይሰጠኝም ይሁን። ይቅር ቢሉኝ ጉልበታቸውን እስማለሁ። ባለማወቅ ነው ቢሉልኝ ግን አልቀበልም። እናንተም አትበሉልኝ። አይቻለሁ፣ ለይቻለሁ፤ አውቄ ነው የዋሸሁት።