በቀኝ ጥግ ቁጢጥ ያለው ሰው

የጅማ ሙዚየም በኮንትራት የቀጠረኝ፣ ግጥም እንደምሞክር የሚያውቅ አንድ ጎረቤቴ ለኃላፊው ነግሮልኝ ነው። ሥራዬ በፌስቡክ ለሚለጠፉ የድሮ ፎቶዎች ከሥር ሁለት ሦስት መስመር መጻፍ ነበር። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ የምንቆራጠጥ ሰው ነበርኩ። ቃል እንጀራ ያበላል ብዬ ያመንኩት ያኔ ነው።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን ማህተም ያልተመታበት ነገር ከመሥሪያ ቤት ሲወጣ ማየት አይችሉም። ፎቶዎቹ ለዓለም ሊታዩ ነው ሲባሉ፣ ስካን ከመደረጋቸው በፊት ሣጥኑን አስመጥተው እያንዳንዱን ፎቶ በክቡ ሐምራዊ ማህተም መቱት። ደብዳቤ ላይ እንደለመዱት፣ ከታች በቀኝ በኩል።

ስካን የምታደርገው ባልደረባችን “ጋሼ፣ ጀርባው ላይ ቢሆንስ?” አለቻቸው።

“ጀርባውን ኢንተርኔት ያየዋል እንዴ?”

ሁላችንም ሳቅን። ኔጋቲቭ የሚባል ነገር አልነበረንም፤ ከሣጥኑ ውጭ ሌላ ቅጂ የለም።

ከዚያ ልኬቱ መጣ። ፎቶዎቹን በኢንተርኔት ማጋራታችን በኅብረተሰቡ ዘንድ ያመጣው ለውጥ ተለክቶ ይቅረብ የሚል ትእዛዝ ከላይ ወረደ። በምን እንደሚለካ የነገረን የለም። ላይክ ቆጠርን፣ ሼር ቆጠርን። “ዋው” ያለውንም፣ የእሳት ምልክት የለጠፈውንም ቆጠርን። ከሁሉም የበለጠው ከጅማ ወጣ ብላ በምትገኘው የቡ አካባቢ የነበረ የአንድ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሠራተኞች ፎቶ ነበር፤ በደርግ ጊዜ የተነሣ፣ ከኋላ የቆሙ፣ ከፊት ቁጢጥ ያሉ ወንዶች። ከሥሩ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ልቤ አብጦ ነበር። ኃላፊው የሕዝቡን አስተያየት ሰብስብ ብለው ወደ የቡ ላኩኝ።

አንዲት ሻይ ቤት ገብቼ ፎቶውን ከስልኬ ላይ አሳየሁ። አንድ የሞተር ሳይክል ሹፌር አንገቱን አስግጎ አየው።

“ይሄንንማ ላይክ አድርጌዋለሁ፣ ፍሬንድ።”

“ምን ተሰማህ?”

“ኔትወርክ ስለነበረ ደስ ብሎኛል።”

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የሻይ ቤቱ ባለቤት፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት፣ ግን አልሳቀችም። ስልኩን ከእጄ ወስዳ ወደ ጓዳ ገባችና እናቷን ይዛ ወጣች። እናትየው ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ስልኩን ዓይናቸው ሥር አስጠጉት። በጣታቸው የቀኙን ጥግ ነኩ።

“ይቺን ክርን እኔ ነኝ የጣፍኳት” አሉ። “ከቀሚሴ ጫፍ ቆርጬ። አበባዋ ይታይሃል፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ?”

ታየኝ። ከፊት ረድፍ መጨረሻ ላይ ቁጢጥ ያለ ሰው፣ የሸሚዙ ክርን በአበባማ ጨርቅ ተጥፏል። ከአንገቱ በላይ ያለው የእኛ ማህተም ነው።

ልጅቷ በእናቷ ትከሻ ላይ አጎንብሳ ታያለች። እናትየው ነገሩኝ፤ ሰውየው ባላቸው ነው፤ ለጦርነት ሲወሰድ ልጅቷ ገና በሆድ ነበረች፣ አልተመለሰም፣ ቤት ውስጥ አንድም ፎቶ አልቀረም። “ምን ይመስል ነበር ስትለኝ፣ አሁንማ እኔም ጠፍቶብኛል” አሉ። ከዚያ ስልኩን መለሱልኝ፤ እንደ ተዘጋ ዕቃ።

“ማሎ፣ እባክህ፣ ፊቱን ክፈትልን።”

“እሞክራለሁ፣ እማማ” አልኳቸው።

“ኢንሻ አላህ” አሉ። ልጅቷ ሻዩን አላስከፈለችኝም። እንደ ዘመድ ሸኘችኝ።

ጅማ ተመልሼ ፎቶውን ከሣጥኑ አውጥቼ ወደ አንድ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው መብራት ሥር አስጠግቶ ገለባበጠው።

“ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ገብቷል። ብነካው ፊቱን ይዞ ነው የሚወጣው።”

“በኮምፒውተርስ?”

“በኮምፒውተር ዓይንም አፍንጫም እሠራለታለሁ። ግን የማንን?”

ፎቶውን ተቀብዬ ወጣሁ። አንድ ደግ ፊት መርጦ ቢሠራለት ልጅቷ አታውቅም፤ እናትየውም ጠፍቶብኛል ብለዋል። ይህን እያሰብኩ እስከ አዌቱ ወንዝ ድልድይ ድረስ ሄድኩ። ከዚያ በላይ ማሰብ አልቻልኩም። ፎቶውን ወደ ሣጥኑ መለስኩት።

ለኃላፊው ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። በእውነት አዝነው ነበር። ቀጥለው ግን “ማህተሙ ባይኖር የእኛ ፎቶ መሆኑን በምን ያውቁ ነበር?” አሉኝ። በግምገማው ላይ የየቡው ፎቶ ምርጥ ተሞክሮ ተብሎ ቀረበ፤ የጠፋ ቤተሰብ በሙዚየሙ ጥረት ተገኘ ተብሎ ተጨበጨበ። እኔም ከማጨብጨቡ እጄን አልሰበሰብኩም።

የቡ ተመልሼ አልሄድኩም። የምይዘው ምን ነበር? ሻይ ጠጥቼ ልመለስ?

ኮንትራቴ ካለቀ በኋላ፣ ጅማ ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ገጹን ከፈትኩት። ፎቶው አሁንም ከላይ ነው፤ ሰው በጻፈበት ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል። የሚጽፈው ሰው ግን አንድ ነው። የሻይ ቤቷ ባለቤት በየጊዜው ያንኑ ጽፋለች፦ “ማሎ፣ ፊቱን ክፈቱልን።” ከዚያም፦ “ማሎ፣ ፊቱን ክፈቱልን።” እኔ የጻፍኩት ግጥም መሰል ነገር ከጽሑፏ በላይ እንዳለ ነው፤ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም።

በእኔ ቦታ የተቀጠረው ማን እንደሆነ አላውቅም። ሥራውን ግን በትጋት ይሠራል። ከእያንዳንዱ አስተያየቷ ሥር ሙዚየሙ ላይክ አድርጎላታል።