የመሪጌታ ጥጋቡ ግራ ጆሮ

መሪጌታ ጥጋቡ ትዕቢተኛ ነው ተብሎ ሦስት ዓመት ሙሉ ታምቷል። ሐሜቱ ከአርብ ገበያ በታች ባሉት አጥቢያዎች ሁሉ ተዳርሶ ነበር። እሱም ሰምቶታል፤ በቀኝ ጆሮው።

ነገሩ የተነሣው በእንዶዴ ማርያም የጥር ንግሥ ላይ ነው። በማሕሌት ካህናቱ ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ፤ አንዱ ረድፍ ዜማውን ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። ቀኙን የሚመራው ጥጋቡ፣ ግራውን የሚመራው መሪጌታ አዱኛ ነበር። ሁለቱ በቤተ ልሔም የዜማ ጉባኤ ቤት ድጓ ሲማሩ አንድ ጎጆ ያደሩ፣ ለምነው ያመጡትን ቁራሽ የተካፈሉ ጓደኛሞች ናቸው። የዚያን ዕለት ግን አዱኛ ገና ዜማውን እየሳበ ሳለ ጥጋቡ ከላዩ ላይ አነሣበት። አንድ ጊዜ ቢሆን ስሕተት ነው ይባል ነበር፤ ሦስት ጊዜ አደረገው። አዱኛ ጸናጽሉን አስቀምጦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ሰላምታ የለም።

እውነቱ ሌላ ነው። የጥጋቡ ግራ ጆሮ መጀመሪያ እንደ ንብ ቀፎ እዝዝ ይል ነበር፤ በኋላ ጭር አለ። «አልሰማሁህም» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ግን የማይሰማ መሪጌታ ተማሪውን በምን ያርማል? ደንቆሮ ከመባል ትዕቢተኛ መባልን መረጠ። ቂልነት ነው፤ ሆኖም ከድጓ በቀር ሌላ ሀብት በሌለው ሰው ቂልነት መሳቅ አይሆንልኝም። ለሚስቱ ለይታይሽ እንኳ አልነገራትም። እሷ ግን ዘወትር በቀኙ መቀመጥ ከጀመረች ሰንብታለች።

ከዚያ መሬቱ ይዞርበት ጀመር። ማሕሌት ላይ መወዛወዝ ያለ ነውና ማንም ልብ አላለውም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ የወደቀ ዕለት ግን «ጠላው ነው» ተባለ። ሁለት ሱባዔ ጠበል ገባ፤ ራስ ምታቱ ግን ብሶ ቀጠለ። በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. መስከረም ላይ ይታይሽ አንዲት ጊደር ሸጠች። እስከ ደብረ ታቦር በበቅሎ፣ ከዚያ በመኪና አድርጋ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል አደረሰችው።

ፈረንጁ ሐኪም ሲናገር ነርሷ ታስተረጉም ነበር።

«አባቴ፣ ክፉ ዕጢ አይደለም፤ ወደ ሌላ አካል አይዛመትም። ግን የመስሚያዎ ጅማት ላይ በቅሎ አንጎልዎን እየተጫነ ነው። ካልወጣ ይገድልዎታል።»

«ሲወጣ ጆሮዬ ይመለሳል?»

«አይመለስም። የፊትዎም ጅማት በዚያው በኩል ስለሚያልፍ ፊትዎ ሊጣመም ይችላል።»

«ድምፄስ?»

ሐኪሙ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠበቀ አይመስልም። «ድምፅዎ ይኖራል፤ ከንፈርዎ ነው እንቢ ሊል የሚችለው» በነርሷ አስባለ።

ጥጋቡ «አገሬ መልሱኝ፤ እዚያው ልሙት» አለ። ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰም። በሦስተኛው ቀን ይታይሽ በቀኙ ተቀምጣ፣ «መሪጌታ፣ እኔ ያገባሁት እርስዎን ነው እንጂ ድጓውን አይደለም። ቤት ውስጥ ዝም ብለው ቢቀመጡልኝ ይበቃኛል» አለችው። ይህ ንግግር ከሕመሙ ይልቅ አናደደው። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ጥጋቡ ምን ያደርጋል? እሷ ግን ማልቀስ ጀመረች፤ ያን ጊዜ አልቻለም። የቀዶ ጥገናውን የፈቃድ ወረቀት ሲያቀርቡለት ስሙን ጻፈ።

ሲነቃ ሕይወቱ ተርፏል፤ የፊቱ ግራ ወገን ግን ወርዷል። ውኃ ሲጠጣ ባንድ ጎን ይፈስሳል። ግራ ዓይኑ አልከደን ስላለ፣ ይታይሽ ሲተኛ በነጠላዋ ቅዳጅ ታስርለት ነበር። ለዝማሬ ይደገፍበት የነበረውን መቋሚያ ምርኩዝ አድርጎ እንደ ሕፃን መራመድን እንደገና ተማረ። አንድ ቀን ሰው በሌለበት «ማርያም» ሊል ሞከረ፤ ከንፈሩ አልገጥም ብሎ የመጀመሪያዋ ፊደል በጎን በኩል አመለጠችው። ጉንጩን በሁለት ጣቱ ወደ ላይ ደግፎ እንደገና ሲሞክር ወጣችለት። ከዚያ አለቀሰ፤ ተስፋ ይሁን ኀዘን ራሱም አላወቀም።

ታኅሣሥ ሲያልቅ አገሩ ገባ። ሰው ሁሉ «እንኳን እግዜር ማረህ» ሊለው መጣ፤ አዱኛ ብቻ ቀረ። ተማሪዎቹ ወደ ሌላ ጉባኤ ሄደው ነበር። ጥጋቡም ይታይሽ እንዳለችው ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ እሷም አይታው ያን ንግግሯን ተጸጸተችበት።

የጥር ማርያም ዕለት ታቦቷ ወጥታ ከወይራው ጥላ ሥር ወረብ ሲቀርብ፣ ጥጋቡ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ከሰው ኋላ ቆመ። አዱኛ አየው። ወረቡን እስኪጨርስ አልተንቀሳቀሰም፤ ከዚያ ሕዝቡን ከፍሎ መጣ።

«ያንተ ቦታ እዚህ አይደለም» አለው፣ ደረቅ አድርጎ።

ጥጋቡ ነጠላውን ገልጦ ጉንጩን በጣቶቹ ደገፈ። «የዚያን ዕለት አልሰማሁህም፣ አዱኛ። ግራ ጆሮዬ ሞቶ ነበር።»

አዱኛ ፊቱ ተለዋወጠ። «እና ሦስት ዓመት ጠላሁህ! እናቴን ስቀብር ዳር ቆመህ አይቼ ፊቴን አዞርኩብህ! ይህችን ቃል መናገር አቅቶህ ነው?»

«አፍሬ ነው።»

አዱኛም ክንዱን ይዞ እየጎተተ ወስዶ በቀኝ ረድፍ ራስ ላይ አቆመው። ግራውን ለሌላ ካህን ለቆ ራሱ ከጎኑ ተሰለፈ። ጥጋቡ በአንድ እጁ መቋሚያውን፣ በሌላው ጉንጩን ይዟል፤ ለጸናጽል የተረፈ እጅ የለውም።

«ጸናጽሉን እኔ እይዝልሃለሁ» አለ አዱኛ። «እነሱ ሲጨርሱ ክርንህን እነካሃለሁ።»

ግራዎቹ አነሡ። ለጥጋቡ ዜማው ከሩቅ ሸለቆ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማው ነበር። አዱኛ ክርኑን ነካው። ጥጋቡ አልጀመረም። የማንንም ዜማ ዳግመኛ ከአፉ እንዳይነጥቅ ፈርቶ መቋሚያውን ጨብጦ ቆመ። ሕዝቡ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል፤ ከበሮውም ቆሟል።

አዱኛ ወደ ቀኝ ጆሮው ጎንበስ አለ።

«ጨርሰዋል፣ ወንድሜ። ተቀበል።»